የጎሹ ግምት

የትነበርሽ ጎሹ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ በተከራየቻት አንድ ክፍል ተቀምጣ፣ ዓለም በመጪው ዓመት ስንት ሰርቨር እንደሚፈልግ ትገምት ነበር። እንጀራዋ ይኸው ነው። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ይመጥጥላታል። አከራይዋ እትየ አየለችማ ሦስት ዓመት ሙሉ «ኮምፒውተር ትጠግናለች» እያሉ ለጎረቤቱ ሲያስረዱ አንድም ቀን አላረመቻቸውም፤ ማስረዳቱ ሰልችቷት ነበር።

ሰርቨር ማለት በስልካችን የምናየው ፎቶ፣ የምንልከው መልእክት፣ የምንሰዳደበው ስድብ ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በየአገሩ አዳራሽ ሙሉ ይደረደራል፤ መብራቱን ጉድ እስኪባል ይበላል። ሠሪዎቹ ስንት ሠርተው ማዘጋጀት እንዳለባቸው ማወቅ ስለሚፈልጉ ትንበያ ይገዛሉ። ትንበያውን የሚሸጠው ድርጅት ባሕር ማዶ ነው። ቁጥሩን ቆፍራ የምታወጣው ግን የትነበርሽ ነበረች፤ ማራኪ መብራት የጠፋ እንደሆነ ላፕቶፗን በቦርሳ ይዛ በባጃጅ ወደ ፒያሳ ትሄድና፣ ጄኔሬተር ካለው ካፌ አንዱን ጥግ ይዛ ትውላለች።

ሥራው አልከበዳትም። የከበዳት፣ አራት ዓመት ያወጣችው ቁጥር ሁሉ በሌላ ሰው ስም መታተሙ ነው። ሰውየው ፊሊፕ ይባላል፤ የድርጅቱ ነባር ተንታኝ ነው። እሷ ከጎንደር ቁጥሩን ትልካለች፣ ፊሊፕ አረፍተ ነገሩን ያሳምራል፣ ሪፖርቱ በፊሊፕ ስም ይወጣል። አለቃቸው ያስፐር በጠየቀችው ቁጥር «ጊዜው ሲደርስ ያንቺም ይወጣል» ይላታል። ደመወዙ ከመጣ ስሙ ምን ይሠራልሻል ያሏት ሞልተዋል። እነሱ አያ ጎሹን አያውቋቸውም።

አያ ጎሹ አባቷ ናቸው፤ ከማክሰኝት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ ገበሬ። በአገሩ የሚታወቁት ግን በእርሻቸው ሳይሆን በገማችነታቸው ነው። የአንዱ ከብት የሌላውን ሰብል የበላ እንደሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ከመካሰሳቸው በፊት ገማች ይጠራሉ። አያ ጎሹ ሲጠሩ ከሁሉ አስቀድመው ባለማሳውን ዝም ያሰኙታል። ሰብሉ የተበላበት ሰው አንዱን ኩንታል ሦስት እንደሚያደርገው፣ ባለከብቱ ደግሞ ሦስቱን አንድ እንደሚያደርገው ሠላሳ ዓመት ሰምተው ጠግበዋል። ስለዚህ ማንንም አይጠይቁም። ማሳውን በእርምጃ ይዞሩታል፣ ካልተበላው ጥግ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው ያሹታል፣ ገለባውን እፍ ብለው ፍሬውን ይቆጥራሉ። ከዚያም ቀና ብለው በሁለቱ ሰዎች ፊት፣ «ሁለት ኩንታል ከሩብ። ጎሹ ብያለሁ!» ይላሉ።

ቁጥሩና ስሙ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወጡት። ኋላ የተረፈው ሰብል ተወቅቶ ሲሰፈር ግምቱ ይፈተናል። የሳተ ገማች አይቀጣም፣ የሚሰድበውም የለም። «ስቻለሁ» ብሎ ከገማችነት ይነሣል፤ ዳግመኛ አይጠራም። አያ ጎሹ በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አልተነሡም። የትነበርሽ በልጅነቷ ከኋላቸው ኩስ ኩስ እያለች ስትከተል ያደገች ናት፤ እና ስም ያልተጠራበት ቁጥር ለእሷ ማንም ያላለው ወሬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ወሬ ስታወራ የኖረች ይመስላት ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያወጣችው ቁጥር አጠገብ ስሟ እንዲቆም።

ስታቲስቲክስ ተምራ እንደወጣች መጀመሪያ የተቀጠረችው በአንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነበር፤ የገበሬውን የማዳበሪያ ፍላጎት እንድትደምር። እዚያ ያየችውን ጉድ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች፤ ሳቁ ግን አንጀት የሚያርስ ሳቅ አይደለም። ገበሬው የሚመጣው ማዳበሪያ እንደማይበቃ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ኩንታል የሚበቃው ሰው ሁለቱን በስሙ፣ ሁለቱን በሚስቱ ስም ያስመዘግባል። ደፋሩ ደግሞ ሁለት በሞተው አባቱ ስም ይጨምራል። ቀበሌው ይህን ሁሉ ደምሮ ይልካል። ወረዳው ያምናል ወይም አያምንም፤ እንደ አለቃው ስሜት ነው። የትነበርሽ መዝገቡን ወዲያ ገፍታ «ማሳው ስንት ነው?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ማሳውን አይታ የምታወጣው ቁጥር ሁልጊዜ ከመዝገቡ በብዙ ያነሰ ነበር፣ ሁልጊዜም ልክ ነበር፣ ሁልጊዜም አለቃዋን ያናድደዋል። ሦስት ዓመት ታግላ ተወችውና በኢንተርኔት የተገኘውን የሰርቨር ሥራ ያዘች።

ባሕር ማዶ ያለው ሰው ሌላ ይሆናል ብላ ነበር። የዋህ!

በአምስተኛው ዓመት በዓለም ላይ የሰርቨር ዕቃ ጠፋ። አንድ ክፍሉ ቢገኝ ሌላው አይገኝም፤ ያዘዘ ሰው ስምንት ወር፣ ዘጠኝ ወር ጠብቅ ይባላል። ትእዛዙ ግን እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ሽቅብ ተተኮሰ። ያስፐር በቪዲዮ ስብሰባው ላይ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ፣ የሚመጣው ዓመት ፍላጎት ዐሥራ አምስት ሚሊዮን ይገባል አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የትነበርሽ ብቻ ሻጮቹ የላኩትን የትእዛዝ ዝርዝር ይዛ ወደ ፒያሳ ሄደች።

ካፌው ጥግ ቁጭ ብላ የሦስት ሻጮችን የትእዛዝ ዝርዝር ጎን ለጎን ከፈተች። አንድ ትልቅ ገዥ አዲስ አዳራሽ ሊሞላ አርባ ሺህ ሰርቨር ካንደኛው ሻጭ አዟል። ከሁለተኛውም አርባ ሺህ። ከሦስተኛውም አርባ ሺህ። ወሩ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ አዳራሹም አንድ። የትነበርሽ ድንገት ከት ብላ ሳቀች።

«የሞተ አባቱን አስመዝግቧል!» አለች ጮክ ብላ። አስተናጋጁ ሂሳብ የጠራችው መስሎት ከተፍ አለ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ሠራች። ትእዛዙን ወዲያ አለችውና ማሳውን ፈለገች። የሰርቨር ማሳው የሚበላው መብራት ነው፤ አዳራሹ የተፈቀደለት የመብራት ኃይል አርባ ሺህ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ መቶ ሃያ ሺህ ቢታዘዝ ሰማንያው ሺህ ወሬ ነው። በየአገሩ የሚሠሩትን አዳራሾች አንድ በአንድ አየች፤ የመብራት ፈቃዳቸውን ፈልጋ አገኘች፣ ያጣችውን በአዳራሹ ስፋት ገመተች። በመጨረሻ የወጣው ቁጥር ዐሥራ አንድ ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ ነበር። ደጋግማ ሠራችው። ከዚያ ፈቀቅ አላለም።

ያስፐር የማዳበሪያውን ነገር ምሳሌ ያደረገችበትን ዐርባ ገጽ ጽሑፏን አንብቦ ደወለላት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ይህን የምለው ክፉ ቢሆን ለነገሩ ይቀል ስለነበር ነው።

«እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ ሦስት ቦታ እየተመዘገቡ የሚያታልሉ ገበሬዎች አይደሉም» አላት።

«ገበሬዎቹም አላታለሉም» አለችው፤ «የፈለጉትን እንዳያጡ ፈርተው ነው። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ዕቃው መምጣት ሲጀምር ካንዱ ይወስዱና ሁለቱን ይሰርዛሉ።»

«ሪፖርቱን የሚገዙን ሰርቨር ሠሪዎች ናቸው። ወድቃችኋል የሚላቸውን ወረቀት ማን ይገዛል?»

«እንዳይወድቁ ነው እኮ የሚገዙት» አለች የትነበርሽ። ያስፐር እናስብበታለን ብሎ ዘጋው።

ከሳምንት በኋላ መልእክቱ መጣ። «ወስነናል። የዚህ ዓመት ሪፖርት ባንቺ ስም ይወጣል። ብቻሽን ነሽ። እንኳን ደስ አለሽ!» ይላል። የትነበርሽ ሁለት ጊዜ አነበበችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አመስግና መለሰች። የትኛው ቁጥር እንደሚወጣ አልጠየቀችም። እዚህ ላይ የተማረች ሴት እንዴት ይህን ሳትጠይቅ ቀረች የሚል አይጠፋም፤ እኔም ብዬአለሁ፣ ተናድጄም ብዬአለሁ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ባደገችበት አገር ስሙ የተጠራ ሰው ቁጥሩን ያለው ሰው ነው፤ የአንዱን ቁጥር በሌላው ስም መናገር ለማንም ታስቦት አያውቅም። ያስፐር ስሟን ሲያወጣ ቁጥሯን ማውጣቱ ነው ብላ ልቧን ጣለችበት። ከእነያስፐር አገር ልጅ ይህን የሚሳሳት አይገኝም።

በዚያው ቀን ለአባቷ ደወለች።

«ስንት አልሽ?» አሏት አያ ጎሹ። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

«ዐሥራ አንድ ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ።»

«በአፍሽ አልሽው ወይስ ጻፍሽው?»

«ጻፍሁት አባየ። ስሜም ይጻፋል። እነሱ አገር ደግሞ ሰው የሚጠሩት በአባቱ ስም ነው። ‹ጎሹ› ብለው ነው የሚጽፉት፤ የእኔን መነሻ ፊደል ብቻ ነው የሚያስቀምጡት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ሃሎ ሃሎ አለች።

«አለሁ» አሉ አያ ጎሹ፤ ድምፃቸው ሻከር ብሎ ነበር። «ሸጋ ነው። ከማክሰኝት ወዲያ ማንም ስሜን የሚጠራው አልነበረም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩ። ሰርቨር ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «እህል ነገር ነው፤ መብራት ይበላል» አሉ። የመንደሩ መምህር ሙሉቀን ሪፖርቱ በስልኩ ሲመጣለት እንዲያነብላቸውም አደራ አሉት።

ሪፖርቱ ወጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በጉልህ «ዐሥራ አምስት ሚሊዮን» ይላል። ከሥሩ «ጎሹ፣ የ.» ይላል።

የትነበርሽ ይህ የእኔ ቁጥር አይደለም ብላ ለያስፐር ጻፈች። ያስፐር ወዲያው መለሰላት፤ ቁጥሩን የሚወስነው ኮሚቴው መሆኑን፣ ስም ደግሞ ለልፋት የሚሰጥ ክብር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ይህንንም አራት ዓመት ስትጠይቅ የኖረችው ራሷ መሆኗን በትሕትና አስረዳት። ጥቂት ቆይታ ደግሞ የሚብሰውን ከሌላ ባልደረባ ሰማች። ኮሚቴው ሪፖርቱን መጀመሪያ የሰጠው ለፊሊፕ ነበር። ፊሊፕ የእሷን ዐርባ ገጽ አንብቦ ዐሥራ አምስቱ ሚሊዮን ላይ ስሜን አላኖርም አለ። ከድርጅቱ ሁሉ የትነበርሽን ያመናት እሱ አንድ ሰው ነበር፤ ስላመናትም ስሙን ከሪፖርቱ አሸሸ።

ስሜ ይነሣ የሚል ደብዳቤ ጻፈች። አልላከችውም። ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታለች፣ እውነት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም። አባቷ ደጀ ሰላም ላይ ተናግረዋል፤ አሁን ምን ትበላቸው? ደግሞም፣ ይህን ለማንም አልነገረችም እንጂ፣ ስሟን እዚያ ገጽ ላይ ስታየው ቁጥሩን ከማየቷ በፊት ለአንዲት አፍታ ደስ ብሏት ነበር። ያ ደስታ እያደር ያንገበግባት ጀመር።

ሪፖርቱ በወጣ በስድስተኛው ወር ዕቃው መምጣት ጀመረ። ሦስት ቦታ ያዘዘው ሁሉ ካንዱ ወስዶ ሁለቱን ሰረዘ። የተሠራው ሰርቨር በየመጋዘኑ ተከመረ፣ ሠራተኛ ተበተነ፣ ጋዜጠኞቹም ጥፋተኛ ፍለጋ ወጡ። ብዙም አልተቸገሩ፤ ስሙ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። «የጎሹ ትንበያ» አሉት። «የጎሹ ስሕተት» ያሉትም አሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የተሸጠው ተቆጠረ፤ ዐሥራ ሁለት ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሆነ። የትነበርሽ ግምት እጅግ በጥቂቱ ነው የራቀው። ይህን የሚያውቁት እሷና የድርጅቱ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ድርጅቱ ለደንበኞቹ የይቅርታ ደብዳቤ አወጣ፤ ከእንግዲህ ተንታኞቹን አጥብቆ እንደሚቆጣጠር ገለጸ፤ የትነበርሽንም ውል ሳያድስ ቀረ። ያስፐር መልካሙን ሁሉ ተመኝቶላታል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ዕቃዋን ለእትየ አየለች አደራ ብላ ወደ መንደር ሄደች። ከማክሰኝት ያለውን መንገድ ስትሄድ ለአባቷ የምትነግረውን ስታሰካካ ነበር። እንዳልሰሙ እርግጠኛ ነበረች። ደጃፉ ስትደርስ አያ ጎሹ ከቤቱ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ሁለት ጎረቤቶች ቆመዋል። ሌሊት የቢያዝን በሬዎች ከበረት ወጥተው፣ ከቤቱ በታች ያለውን የአወቀን ጤፍ በልተውት አድረዋል።

«ይነሡ እንጂ አያ ጎሹ፣ ፀሐዩ ሳይከር» ይላል ቢያዝን።

«ሌላ ጥሩ አልኋችሁ። እኔ ስቻለሁ።»

«ምነው? መቼ ሳቱ ደግሞ?» አለ አወቀ ግራ ገብቶት።

«አምና። ሦስት ሚሊዮን ነው የሳትሁት» አሉ አያ ጎሹ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። የትነበርሽ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ። መምህር ሙሉቀን አደራውን አልበላም፤ የወጣውን ሁሉ እየተረጎመ አንብቦላቸዋል።

«አባየ!» አለች ቀርባ። ሰላምታም አላስቀደመችም። «እርስዎ ምን አደረጉ? የተጻፈውኮ የእኔ ስም ነው!»

«ጎሹ ይላል። ሙሉቀን አሳይቶኛል፣ በጣቱ እየነካ።»

«እኔም ብሆን አልሳትሁም! ቁጥሬን ትተው የራሳቸውን ጻፉ። የኔ ልክ ነበር።»

አያ ጎሹ ቀና ብለው አዩዋት። «ስንት ብለሽ ነበር? እኔን ያልሽኝን ነው?»

«እሱኑ። ዐሥራ አንድ ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ።»

«ሲሰፈርስ ስንት ወጣ?»

«ዐሥራ ሁለት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው።»

የሽማግሌው ፊት ወለል አለ። እንዲያ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ቆይታ ነበር። «እሰይ የኔ ልጅ! እንዲህ ያለ ግምት እኔም ገምቼ አላውቅ!» አሉ። ከዚያ ደስታቸው እያየቻቸው ፊታቸው ላይ ሞተ። «እነሱ የሌላውን ሲጽፉ አየሽ?»

«አየሁ።»

«‹አላልሁም› አልሻቸው?»

«ለአለቃዬ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እንዲህ ዓይነት ነገር በአንድ አለቃ ጆሮ እንደማይነገር፣ በሰው ሁሉ ፊት እንደሚነገር አሳምራ ታውቃለች። «አላልኋቸውም» አለች።

«እንግዲያ ብለሽዋል» አሉ አያ ጎሹ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደደች ነበር። ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረው፣ «ወልደኢየሱስን ጥሩት። እሱም ዐይኑ ሸጋ ነው» አሏቸው።

ሰዎቹ እያቅማሙ ሄዱ። የትነበርሽ ከአባቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። አራት ዓመት ሙሉ ስሜን ስሜን ስትል የራሷ ብቻ መስሏት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ወልደኢየሱስ ከታች ማሳው ላይ ብቅ አለ። ከደጃፉ ሁሉም ይታያል። ድንበሩን አልዞረም። ባለማሳውን አወቀን ጠየቀው፤ አወቀ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። አያ ጎሹ ይህን ሲያዩ ሊነሡ ከጅሏቸው እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ተመረኮዙ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። ዐይናቸውን ከማሳው አላነሡም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየችና ጆሮዋን ጣል አደረገች። እርምጃ እየቆጠሩ ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ ባዶ መዳፋቸውን አሻሹ።

«ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው» አሉ ቀስ ብለው። ስማቸውን ግን አልጠሩም።